«ትሕትና ተማሪ» ያልኳት ልጅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በዐቢይ ጾም ሰሞን ስለ ትሕትና ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ደሴ ሆኜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የዘመኑ ወጣት ለታላቅ መታዘዝን እንደ ረሳ፣ ጥያቄ ማብዛትም የትዕቢት ምልክት እንደ ሆነ፣ በሰው ፊት «እሺ» ማለትን ያልለመደ ክርስቲያን ለእግዚአብሔርም መገዛት እንደማይሆንለት በሰፊው አትተዋል። የጠቀሷቸው ቃላት አብዛኞቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰዱ ስለ ሆኑ ጽሑፉ የሚነቀፍ አይመስልም፤ እኔም ነገሩ ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ከጋዜጣው ላይ ቆርጬ በሰበካ ጉባኤያችን ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ እለጥፈው ነበር። አሁን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ትሕትናን አዘውትረን የምንሰብከው ለማን እንደ ሆነ ጸሐፊውም ልብ ያሉት አልመሰለኝም፤ እኔም ልብ ያልኩት ከተዋረድኩ በኋላ ነው።

ከራሴ ብጀምር ይሻላል። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ በምኖርበት አጥቢያ በሰበካ ጉባኤ ጸሐፊነት ለብዙ ዓመታት አገልግያለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን አጥር በግንብ ሲሠራ ወጪውን የምመዘግበው እኔ ነበርኩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሪፖርቱን ለምእመናኑ አንብቤ ስጨርስ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት አባላት መካከል በሒሳብ አያያዝ የተመረቀች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ የሲሚንቶው ወጪ ሁለት ቦታ የተነበበ መሰለኝ፤ ደረሰኙን ማየት ይቻል ይሆን?» አለች። ጥያቄዋ ይኸው ነበር፤ ድምጿንም ከፍ አላደረገችም። እኔ ግን በሕዝብ ፊት የተደፈርኩ መሰለኝና «ልጄ፣ ደረሰኝ ከማየትሽ በፊት ትሕትና ተማሪ፤ እዚህ የተቀመጡት ሁሉ አባቶችሽ ናቸው» አልኳት። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበ፤ ሌሎቹም «እውነታቸውን ነው» እያሉ አጉረመረሙ። ልጅቷ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሒሳቡን ልዘጋ ማታ በመብራት ሰነዶቹን ሳገላብጥ፣ ቁጥሩ አንድ የሆነ ደረሰኝ አንዴ በየካቲት፣ አንዴ ደግሞ በመጋቢት ወጪ ላይ በራሴ እጅ ጽሕፈት ሰፍሮ አገኘሁት። የሰረቀ ሰው አልነበረም፤ ብሩም በካዝናው ውስጥ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነበርኩ፤ ስሕተቴንም በሰላሳ ሴኮንድ ያየችውን ልጅ በእግዚአብሔር ስም አፏን አስይዣታለሁ። መዝገቡን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ። ያሳፈረኝ የሒሳቡ ስሕተት አይደለም፤ ቁጥር ማንንም ይሳሳተዋል። ያሳፈረኝ «ትሕትና» የምትለውን ቃል ያነሣሁበት ምክንያት ነው። በዚያች ሰዓት ስለ እግዚአብሔር አላሰብኩም፤ ስለ ነፍሷም አላሰብኩም፤ ያሰብኩት እንዴት ዝም እንደማሰኛት ብቻ ነበር።

ለንስሓ አባቴ ሄጄ ነገርኳቸውና ልጅቷን ቤት ጠርቼ፣ ቡና አስፈልቼ ይቅርታ ልጠይቃት እንደማስብ ገለጽኩላቸው። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ንግግር አያበዙም። «በጉባኤ ያዋረድካትን በጓዳ አትክሳትም» ብለው መስቀሉን አሳልመው ሰደዱኝ። በሚቀጥለው እሑድ፣ በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት ቆሜ መዝገቡን ገልጬ ስሕተቱን አነበብኩ፤ ልጅቷ ትክክል እንደ ነበረች፣ እኔም ትሕትናን እንደ ዱላ እንደ ተጠቀምኩባት ተናግሬ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ኧረ ጋሼ፣ በእመቤቴ!» ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ። አንዳንድ እናቶች አለቀሱ፤ አንድ አዛውንትም «ትሕትና ማለት ይኸ ነው!» አሉ። እቤት ገብቼ ምሳ ስበላ የእኒያ አዛውንት ቃል በጆሮዬ ይመላለስ ጀመር፤ እየተመላለሰም ደስ አለኝ። እንጀራውን እንደ ያዝኩ ራሴን ታዘብኩት። ጠዋት ከፊት በር ያስወጣሁት ትዕቢት ለምሳ በጓሮ በር ተመልሶ አብሮኝ ገበታ ቀርቧል። አባቶች ውዳሴ ከንቱ የሚሉትን ነገር ዕድሜዬን ሙሉ በስብከት ስሰማው ኖሬያለሁ፤ መልኩን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ወደ ጽሑፉ ልመለስ። ጸሐፊው ከሐዋርያው ጴጥሮስ አንደኛ መልእክት ምዕራፍ አምስት «ጎበዞች ሆይ፥ ለሽማግሌዎች ተገዙ» የሚለውን ጠቅሰዋል። መልካም ነው፤ ግን ከቁጥር አምስት ነው የጀመሩት። ከዚያ በፊት ያሉት ቁጥሮች የሚናገሩት ለሽማግሌዎቹ ነው፤ መንጋውን በግድ ሳይሆን በፈቃድ እንዲጠብቁ፣ ነውረኛ ረብ እንዳይሹ፣ ምሳሌ እንዲሆኑ እንጂ በኃይል እንዳይገዙ ያዛሉ። ሐዋርያው ወጣቱን ያዘዘው ሽማግሌውን ካዘዘ በኋላ ነው፤ ወጣቱንም አዝዞ አላቆመም፤ ወዲያው «ሁላችሁም» ብሎ እርስ በርስ መዋረድን በትልቁም በትንሹም ላይ ጫነ፤ ትሕትናንም እንደ ልብስ ታጠቁ አለ። እኛ ሽማግሌዎች ለዘመናት መካከሏን ቁጥር ብቻ መዝዘን ፊቷንም ኋላዋንም ትተናል። ለምን እንደ ሆነ አይጠፋንም፤ ከፊቷ ያለው ለእኛ የተነገረ ነው።

«ታጠቁ» የምትለው ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከማን አፍ እንደ ወጣች ያስተዋለ ሰው ቀለል አድርጎ አያልፋትም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ ዐሥራ ሦስት ጌታ ከእራት ተነሥቶ ልብሱን ካኖረ በኋላ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ፣ «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ብሎ የተከራከረው ይኸው ጴጥሮስ ነው። የጴጥሮስ ክርክር ላይ ላዩን ሲያዩት ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ትሕትና ምን እንደ ሆነ ለራሱ ለትሕትና ባለቤት ሊያስተምር መነሣቱ ነበር። ካልታጠበ ዕድል ፈንታ እንደሌለው ሲነገረው ደግሞ እጄንም ራሴንም እጠበኝ ብሎ ወደ ሌላው ጫፍ ዘለለ። እንዲህ ያለ ሰው በስተርጅናው ትሕትናን ታጠቁ ብሎ ሲጽፍ ያ በጌታ ወገብ ላይ ያየው ጨርቅ በዓይኑ ሳይመጣበት የቀረ አይመስለኝም። ጌታ የታጠቀውም ሌሎች እንዲያጥቡት አልነበረም።

በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ይህንኑ በቤተ ክርስቲያናችን እናያለን፤ የማየት ብዛት ሳያደክመን አልቀረም እንጂ። ባለፈው ዓመት በሥርዓተ ሕጽበቱ ላይ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው በቀን ሥራ የሚተዳደር፣ ለወትሮው ከደጀ ሰላሙ የማያልፍ ነበር። ካህኑ ነጠላቸውን አሸርጠው፣ ውኃውንና የወይራውን ቅጠል ይዘው ከፊቱ በርከክ ሲሉ ሰውዬው እግሩን ወደ ኋላ ሰበሰበ። ተረከዙ ተሰነጣጥቆ በስንጥቁ ውስጥ የሲሚንቶ ቡናኝ ገብቶበታል፤ ያፈረው በዚያ ነው። ካህኑ ምንም ሳይናገሩ እግሩን በቀስታ ወደ ሳሕኑ ስበው፣ ስንጥቁ እንዳያመው ውኃውን በእጃቸው መዳፍ እያደረጉ አጠቡለት። ሰውዬው ቀና ብሎ ጣሪያውን ያይ ነበር። በማግሥቱ በዕለተ ዓርብ ሁላችንም ኪርያላይሶን እያልን ስንሰግድ ዋልን፤ ማታም ካህኑ በወይራው ቸብ ቸብ እያደረጉ ስግደት ጨመሩልን። እውነቱን ለመናገር ግን ከዚያ ሁሉ ስግደት ይልቅ ያቺ የሐሙሷ ሳሕን በልቤ ቀርታለች። ስግደትን ማቃለሌ አይደለም፤ ግንባሩን መሬት ያላስነካ ሰው ስለ ትሕትና የሚያወራው ወሬ ብቻ እንደ ሆነ አምናለሁ፤ ጉልበትም እንደ ልብ ሁሉ መማር አለበት። ነገር ግን ከደጅ ወጥተን «አንተ ስንት ሰገድህ?» መባባል ከጀመርን ስግደቱን በቁጥር ሸጥነው ማለት ነው።

ስለ ትሕትና ከተነሣው ነገር ይልቅ ከባዱ ለእግዚአብሔር ስለ መገዛት የተጻፈው ነው። ጸሐፊው እውነተኛ አማኝ መከራ ሲመጣበት «አንተ ታውቃለህ» ብሎ ዝም ይላል ብለዋል። ወሎ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ቃል በመጽሐፍ አልተማረውም። ስማችን እንኳ መገዛትን ይናገራል፤ የአንዱ ጎረቤት ስም ገብረ ማርያም፣ የማዶው አብዱ ይባላል፤ ገብርም ዐብድም ባሪያ፣ አገልጋይ ማለት ነው። ሁለቱም ቤት ዝናብ ሲቀር ወደ አንድ ሰማይ ያንጋጥጣል። በ1966 ወገናችን በረሃብ ሲረግፍ መከራው ከአደባባይ እንዲሸፈን ተደርጎ እንደ ነበር ግን አንረሳም፤ ባላገሩ «የፈጣሪ ቁጣ ነው» ብሎ አንገቱን ሲደፋ አቤት የማይባልባቸው የሚመስላቸው ሹማምንት ነበሩ። የባላገሩ አንገት መድፋት ለእግዚአብሔር ነበር፤ የተጠቀሙበት ግን ሌሎች ናቸው።

በ1977 እኔ ልጅ ነበርኩ፤ አያቴ ዘንድ፣ ከሐይቅ ማዶ ባለች መንደር። አያቴ «አንተ ታውቃለህ» ማለት ያበዙ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የቀረችውን ማሽላ ከጎታው ግርጌ በመጥረጊያ ጠርገው አወጡና በጣሳ ሰፈሩ፤ ሁለት ጣሳ አልሞላችም። «አንተ ታውቃለህ፣ ተመስገን» አሉና አንዱን ጣሳ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ከአጥራችን ወዲያ ላለችው፣ ባሏ ለሞተባት እስላም ጎረቤታችን ወሰዱላት። እኔ አለቀስኩ፤ እርቦኝ ነበር። ከዚያ መልስ መቋሚያቸውን ይዘው በቀጥታ የሄዱት ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ መንደራችን ለእርዳታ እህል ያልተመዘገበው በማን ትእዛዝ እንደ ሆነ ሊጠይቁ። ሰውዬው «እማማ፣ የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል?» ሲላቸው «የእግዜሩን ከእግዜር ጋር እጨርሳለሁ፤ አንተ መዝገቡን አምጣ» አሉት። ይህችን ቃል መንደሩ ለብዙ ዓመት ሲቀባበላት ኖሯል። እኔም ለእግዚአብሔር መገዛት ምን ማለት እንደ ሆነ ባሰብኩ ቁጥር ከጣሳዋና ከዚያ መዝገብ አላልፍም። ለፈጣሪያቸው ያጎነበሱት አንገት ለሊቀመንበሩ አልጎነበሰም፤ ለፈጣሪ ስላጎነበሰ ይመስለኛል ያልጎነበሰው።

ይህ የአያቴ ብቻ አመል አይደለም። ጌታ በጌቴሴማኒ «የእኔ ፈቃድ አይሁን የአንተ እንጂ» ከማለቱ በፊት ጽዋው እንዲያልፍለት ለምኗል፤ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ እስኪወርድ ድረስ ለምኗል። ልመናው መታዘዙን አላጎደለበትም። ኢዮብም ሥጋውን እየፋቀ ከአምላኩ ጋር ተሟገተ፤ እግዚአብሔርን እንከላከልለት ብለው «ዝም በል፣ በድለህ ነው» ያሉት ወዳጆቹ በመጽሐፉ መጨረሻ የተወቀሱት ስለ እኔ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ተብለው ነው። ሙሴ በምድር ላይ ካሉ ሰዎች ሁሉ ይልቅ ትሑት እንደ ነበረ በኦሪት ዘኍልቍ ተጽፏል፤ ይኸው ትሑት ሰው ግን በፈርዖን ፊት ቆሞ ሕዝቤን ልቀቅ ብሏል። እመቤታችን «እነሆኝ የጌታ ባሪያ» ብላ በታዘዘች ሰሞን ባሰማችው ምስጋና ገዥዎች ከዙፋናቸው እንደ ተዋረዱ፣ የተራቡትም በበጎ ነገር እንደ ጠገቡ ተናግራለች። ይህን ጸሎት በየቀኑ ስንደግም ምን እያልን እንደ ሆነ አንዳንዴ ቆም ብለን ማሰብ አይከፋም።

መታዘዝን ሁሉ ባርነት ነው የሚል ሰው ካለ ከእሱም ጋር አልስማማም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዚያ ገዳም ሲያስተምሩ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት አስቀድመው ቅስና ተቀብለውና አስተምረው ሳለ መጥተው በሥራቸው ደቀ መዝሙር ሆነዋል። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ማዕርግም ጎድሏቸው አልነበረም። አውቃለሁ የሚል ሰው ተመልሶ ከሌላ እግር ሥር መቀመጡ፣ ለእኔ በተለይም ብዙ ዓመት ተማሪ ፊት ለቆምኩት ሰው፣ ከመቆሙ ይልቅ ይከብዳል። ያ መታዘዝ ግን መምህሩም ራሱ ታዛዥ በሆነበት ገዳም የተደረገ ነው፤ አበ ምኔቱም ከማኅበሩ ጋር የሚሰግድበት፣ ለደንቡም እንደ ታናሹ የሚገዛበት ሥርዓት ነው። አዛዡ የማይታዘዝበት ቤት ግን ገዳም አይባልም።

በላሊበላም በልደት በዓል በቤተ ማርያም የሚደረገውን «ቤዛ ኩሉ» ያየ ሰው ነገሬ ይገባዋል። ግማሾቹ ካህናት ማሜ ጋራ በሚባለው ከፍ ያለው የዓለቱ ጫፍ ላይ ይቆማሉ፤ የተቀሩት ከታች፣ በተፈለፈለው ግቢ ውስጥ ይሆናሉ። ላይ ያሉት በመላእክት፣ ታች ያሉት በእረኞቹ ምሳሌ ናቸው ይባላል። ዝማሬው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይመላለሳል፤ ጎንበስ ቀናውም በሁለቱም ወገን ነው። እዚያ ቆሜ ያየሁ ጊዜ ወጣት ነበርኩና የመቋሚያውና የጽናጽሉ ውበት ብቻ ነው የማረከኝ። ላይ ያሉትም አብረው እንደሚያጎነብሱ ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው።

ስለዚህ ለጸሐፊው ያለኝ ቅሬታ ትሕትናን ስለ ሰበኩ አይደለም፤ ይስበኩ፤ ወጣቶቻችንም ስድብና ጥያቄ የተቀላቀለባቸው ብዙ ናቸው፤ ይህን አልክድም። ቀጣዩን ጽሑፍ ግን ለእኛ፣ ቁልፍና ማኅተም በእጃችን ላለ፣ ድምፅ ማጉያው ከፊታችን ለማይጠፋ፣ በንግሥ በዓል ከፊት ወንበር ካላገኘን ለምናኮርፍ ሰዎች እንዲጽፉልን በትሕትና እጠይቃለሁ። (ይህን «በትሕትና» የሚል ቃል ልሰርዘው አስቤ ነበር፤ በማመልከቻ ሁሉ ላይ ስለምንጽፈው ምንም ማለት አይደለም ብዬ ተውኩት።)

በእኛ አጥቢያ ከዚያ ወዲህ የወጪ ደረሰኞች በየሦስት ወሩ ለማንም ምእመን ክፍት ሆነው ይቀመጣሉ። ልጅቷ የሒሳብ ሹም ሆና ተመርጣለች። እኔ ከጸሐፊነቱ ወርጄ መዝገቡን አስረክቤያታለሁ፤ በርክክቡ ዕለት እያንዳንዱን ገጽ በጣቷ እየተከተለች ስትፈትሽ ሦስት ሰዓት ሙሉ አስቀመጠችኝ፤ ሁለት ጊዜም ተናድጄ ነበር።

ስሜንና አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ በሌላ ወረቀት ጽፌያለሁ፤ በጋዜጣው ላይ ግን እንዳታወጡት እለምናለሁ። ትሕትና ነው ብላችሁ እንዳታስቡልኝ፤ ከተማችን ትንሽ ናት፤ የእኔ ስም ከወጣ የእሷም ይታወቃል፤ እሷም እንዲታወቅ ትፈልግ እንደ ሆነ ገና አልጠየቅኋትም።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
ደሴ፣ ወሎ